«ኳስ እኮ የልጅነት ነገር ነው»

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው የማወራችሁ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ድምፄ ዝቅ ያለው ለዚያ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ ልማዴ ቡናዬን ይዤ ፕሪሚየር ሊግ እያየሁ ነበር። የ14 ዓመቱ ልጄ ከእንቅልፉ ተነስቶ ወደ ማዕድ ቤት ሲያልፍ «ና እስቲ፣ አጠገቤ ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ። አምስት ደቂቃ ያህል አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። እኔም ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ለመሆኑ ኳስ ለምን ተውክ?»

ከ5 ዓመቱ ጀምሮ ተጫውቷል። 13 ሲሞላው አቆመ። ያኔ ምክንያቱን አልጠየቅኩትም። ከፍቶኝ ነበር።

«አባዬ» አለኝ፣ «ኳስ እኮ የልጅነት ነገር ነው። ትንሽ ሆነን ሁላችንም እንጫወታለን። ከዚያ እናድጋለን።»

ሊያናድደኝ ፈልጎ አይደለም። የወተት ጥርስ እንደሚወልቅ፣ እንደዚያ አድርጎ ነው የነገረኝ። ተነስቶ ሄደ። እኔ ግን የቀረውን ጨዋታ እያየሁ አላየሁትም።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር ነው። እኛ ሰፈር ኳስ በዕድሜ የሚተው ነገር አልነበረም። ጉልበታቸው በጨርቅ ታስሮ እሁድ እሁድ ሜዳ የሚወርዱ አባቶች ነበሩን። ጨርቅ ኳስ ስንሠራ የማን ካልሲ እንደጠፋ በማግስቱ በለቅሶ ይታወቃል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ዳኛ የለም። ሪጎሬ ነው አይደለም ብለን የምንጨቃጨቀው ከጨዋታው ይረዝማል።

በ1994 ልጅ ነበርኩ። የዓለም ዋንጫው አሜሪካ ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ሃያ ሰው ሆነን ተጨናንቀን አየን። ፍጻሜው ፓሳዴና፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም ነበር፤ ብራዚልና ጣልያን። ሮቤርቶ ባጂዮ ሪጎሬውን ከአግዳሚው በላይ ሲሰደው ቤቱ ውስጥ የነበረው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያ ስታዲየም ከ94 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ነበር። እኔ ሕዝቡን እያየሁ «ይሄ አገር ኳስ እንዴት ቢወድ ነው!» እል ነበር።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ያንን አገር ፈለግኩት። አጣሁት።

በ2017 የሆነውን ልንገራችሁ። ጥቅምት ወር ላይ የአሜሪካ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን ትሪኒዳድ ላይ ይጫወታል። ለ2018 የዓለም ዋንጫ ለማለፍ አቻ ይበቃዋል። 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ቀረ። እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ግን ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት፣ አዘንኩ። በማግስቱ ሥራ ስገባ የሥራ ባልደረቦቼን እንዴት እንደማጽናና እያሰብኩ ነበር። እኛ ቡድናችን ሲቀር ለቅሶ ቤት ነው የምንሆነው። ሥራ ቦታ ስደርስ ሁሉም ስለ ናሽናልስ፣ ስለ ቤዝቦሉ ያወራል። የፕሌይኦፍ ሰሞን ነው። ለአንዱ «ትናንት ማታ እኮ ቀራችሁ» አልኩት። «ከምን?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ አገር ለኳስ ግድ የማይሰጠው ለምን እንደሆነ መከታተል ጀመርኩ። ለምን? ሰው ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ አለ። አሜሪካኖች አቻ አይወዱም፤ ጎል ያንሳል፤ 45 ደቂቃ ማስታወቂያ ስለሌለው ቴሌቪዥኑ አይወደውም። ትንሽ እውነት አለው። የአሜሪካው የወንዶች ሊግ፣ ሜጀር ሊግ ሶከር፣ በ1996 ሲጀመር ይህን ብሎ ነበር ሕጉን የቀየረው። አቻ እንዳይኖር አጥቂው ከ35 ያርድ ላይ ኳስ እየገፋ ከበረኛው ጋር አንድ ለአንድ እንዲገናኝ አደረጉ። ሰዓቱንም ወደ ኋላ እንዲቆጥር አደረጉት። ኳስ የሚወደው ሰው ተናደደ፤ የማይወደውም አልመጣም። በ1999 መጨረሻ ተዉት።

ሁለተኛው መልስ «ኳስ ለአሜሪካ አዲስ ነው» የሚለው ነው። ይሄ ግን ፈጽሞ ስህተት ነው። በ1930፣ በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ፣ አሜሪካ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሳለች። በዓለም ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያውን ሀትሪክ የሠራው በርት ፓተኖድ የሚባል የማሳቹሴትስ ልጅ ነው፤ ፎል ሪቨር ከምትባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ። እዚያ በ1920ዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች፣ ኳስ ሊያዩ ይጎርፉ ነበር።

በ1950 ደግሞ ብራዚል፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ አሜሪካ እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸንፋለች። ጎሏን በቴስታ ያገባው ጆ ጌትጀንስ ነው። ሃይቲ ተወልዶ ኒው ዮርክ የመጣ ልጅ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ይማራል፤ ለመኖሪያው ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባል። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ስንቶቻችን ነን እዚህ አገር በዚያ በር የገባነው? ጌትጀንስ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1964 የሃይቲው አምባገነን የዱቫሊዬ ሰዎች ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አልታየም። ያን ጨዋታ ሊዘግብ ብራዚል የተገኘ የአሜሪካ ጋዜጠኛ አንድ ብቻ ነበር። እሱም በራሱ ገንዘብ ነው የሄደው።

ስለዚህ ኳሱ ነበር። ተጫዋቹም ነበር። ማን ይየው?

ከዚያ በ1975 ፔሌ መጣ። ኒው ዮርክ ኮስሞስ ገዛው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃያንትስ ስታዲየም ለአንድ ጨዋታ 77,691 ሰው ገባ። ፔሌ በዚያው ዓመት ጫማ ሰቀለ፤ ኮስሞስ የሚጫወትበት የዚያን ዘመን ሊግ በ1984 የመጨረሻውን ውድድር አድርጎ ፈረሰ። በ2023 ሜሲ ማያሚ ሲገባ ሮዝ ማሊያ የኛን ሰፈር ሳይቀር ሞላው። ደስ ብሎኛል። ግን ልጆቹን «ማያሚ ውስጥ ሌላ ማንን ታውቃላችሁ?» ብላቸው መልስ የላቸውም። የ2026 የዓለም ዋንጫ በተነሳ ቁጥርም እኔ ያን የ94ቱን ስታዲየም ነው የማስበው።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ፤ የሚያንገበግበኝ እዚያ ነው ያለው።

እዚህ አገር ሕፃናት ኳስ አይጫወቱም የሚል ሰው ቅዳሜ ጠዋት አንድ መናፈሻ ይሂድ። ሜዳው በልጆች የተሞላ ነው። ግን አንዱም ልጅ በራሱ እግር አልመጣም። ሁሉም በመኪና ነው የመጡት። ማሊያ አላቸው፣ ታኬታ አላቸው፣ የቅልጥም መከላከያ አላቸው። አሰልጣኝ፣ ፊሽካ፣ ብርቱካንማ ኮን አለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኳሱ ወደ ከረጢት ይገባል፤ ልጆቹም ወደ መኪና። ልጄ 8 ዓመቱ ድረስ አዋቂ በሌለበት ሜዳ ኳስ ነክቶ አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ አብዶ ሠርቶ ሁለት ልጅ አለፈ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ከሜዳው ዳር የመጣው ድምፅ ግን «ፓስ! ፓስ አድርግ!» ነው። ሁለተኛ አልሞከረም።

9 ዓመት ሲሆነው ጎበዝ ነው ተባለና ትራቭል ቲም፣ ከከተማ ከተማ እየተጓዘ የሚጫወት የክለብ ቡድን፣ ገባ። ለዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ። ማሊያ ለብቻ። የውድድር መመዝገቢያ ለብቻ። ሆቴል ለብቻ። ዴላዌር፣ ኒው ጀርሲ፣ የቨርጂኒያ ዳር። እሁድ ቅዳሴ ቀረ። ሁለተኛ ሥራ ጨመርኩ። አንድ ዓመት ክፍያው ዘገየብኝ። ክለቡ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሒሳቡ እስኪዘጋ ልጁ ልምምድ እንዳይመጣ የሚል ኢሜይል ላከ። ሁለት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። ለጓደኞቹ ምን ብሎ እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩትም።

በሌላው ዓለም ትንሽ ክለብ ልጅ አሳድጎ ለትልቅ ክለብ ሲያስተላልፍ ካሣ ያገኛል። በዚያ ገንዘብ ሌላ ልጅ ያሳድጋል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ለረጅም ዘመን አልተሠራበትም። የልጁን ወጪ የሚሸፍነው ወላጁ ነው። አሁን የሜጀር ሊግ ክለቦች አካዳሚዎች በአብዛኛው በነፃ ያሠለጥናሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ያለውን መንገድ ማን ይከፍላል? በዓለም የድሃ ልጅ ስፖርት የሆነው ኳስ እዚህ ሲደርስ ቢያንስ መኪና ያለው፣ ቅዳሜና እሁድ ሥራ የማይገባ ወላጅ ይፈልጋል። ቅርጫት ኳስ ግን ከቤታችን ጀርባ ነው። ሪሙ ተሰቅሏል፤ በሩ ክፍት ነው። ልጄ ኳሱን ትቶ የሄደው እዚያ ነው። ማንም አልወሰደውም፤ በእግሩ ሄደ።

ችሎታ የለም እንዳትሉኝ። ፍሬዲ አዱን አስታውሱ። እናቱ እንደኛው በዲቪ ነው ከጋና ያመጣችው። ሜሪላንድ፣ እዚሁ ቅርብ፣ ሮክቪል አደገ። በ2004፣ በ14 ዓመቱ፣ ለዋሽንግተኑ ክለብ ለዲሲ ዩናይትድ ተሰለፈ። ልጄን ሳይ ያ ዕድሜ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባኛል። አገር ሙሉ ኳስን እንዲያስወድድለት አንድ ሕፃን ትከሻ ላይ ጫነ። እንደተጠበቀው ሳይሆን ሲቀር «ከሸፈ» ተባለ። እኔ ልጁ ከሸፈ አልልም። የኛው ጌዲዮን ዘላለምም አለ። በርሊን ተወልዶ ሜሪላንድ ያደገ፣ አርሰናል የወሰደው። ያኔ በዚህ አካባቢ ያለ ሐበሻ ወላጅ ሁሉ ልጁን ታኬታ ገዝቶለታል ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሐሳቤን ገለበጠው። ሴት ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ትጫወታለች። ልታቆም አላሰበችም። እህትና ወንድም ናቸው፤ ቤቱ አንድ፣ አባቱ አንድ። እሷን ስጠይቃት «የልጅነት ነገር ነው» አላለችኝም። ግድግዳዋ ላይ የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን ፎቶ አለ። እነሱ አራት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ወስደዋል፤ 1991፣ 1999፣ 2015፣ 2019። የ1999ኙን ፍጻሜ በዚያው ሮዝ ቦውል ከ90 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ አይቶታል። መነሻው ሕግ ነው። በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ሴትና ወንድን እንዳይለይ ሲያስገድድ፣ ትምህርት ቤቶች ለሴቶች ቡድን አቋቋሙ። ብዙዎቹ ኳስን መረጡ። ስለዚህ ልጄ ስታድግ ምን እንደምትሆን ታያለች። ሊያዩት የሚችሉት ትልቅ ሰው አለ። የሚናገረው በእሷ ቋንቋ ነው። የሚኖረው በእሷ አገር ነው።

ወንዱ ልጄስ ማንን አየ? እኔን አየ። እኔ ምን አደረግኩ? አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን የሩቅ አገር ቡድን አየሁ። ከቤታችን እስከ ኦዲ ፊልድ፣ እስከ ዲሲ ዩናይትድ ስታዲየም፣ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ዲሲ ዩናይትድ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በ1996 የወሰደ ክለብ ነው። አንድ ቀን እንኳ ልጄን ወስጄ ስታዲየም አላስገባሁትም። «የነሱ ሊግ ደካማ ነው» እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር ሳወራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ኳስ ሩቅ አገር ያለ፣ የአባቱ የሆነ ነገር መሰለው። በስንት ቤት፣ ሜክሲኳዊው ቤት፣ ሳልቫዶራዊው ቤት፣ ናይጄሪያዊው ቤት፣ ይኸው እንደሚደገም እገምታለሁ።

ልጄ በኳስ ደስ ብሎት ያየሁት አንድ ቦታ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት ላይ። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ፣ በጁላይ 4 ሰሞን፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚካሄደው። ዋናውን ጨዋታ አላየም። እኔ ከስንት ዓመት ጓደኛዬ ጋር ተቃቅፌ ስንላቀስ፣ እሱ ከምግቡ ድንኳኖች ጀርባ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ይጫወታል። ጎሉ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ነው። ከአትላንታ፣ ከሲያትል፣ ከዳላስ የመጡ ልጆች። ሲመሽ ስጠራው አልሰማኝም። አብዶ እየሠራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለሁለቱም ነገርኳቸው። ኦዲ ፊልድ እንሂድ አልኩ፤ ዲሲ ዩናይትድን እንይ። ልጄ «እሺ» አለ። እሺው ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን እሺ ነው። ሴቷ ልጄ ግን ተቃወመች። «መጀመሪያ ስፒሪትን» አለች። ዋሽንግተን ስፒሪት፣ የሴቶቹ ቡድን፣ እዚያው ሜዳ ነው የሚጫወተው። በ2021 ሊጉን ወስደዋል። ይህን ያወቅኩት ከእሷ ነው።

ወንድሟ ስልኩን አስቀመጠና «ጎበዝ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ትነግረው ጀመር። እኔ ኮምፒውተሩን ከፍቼ የቅዳሜውን ሦስት ትኬት ገዛሁ። የስፒሪትን።

በሰላም ቆዩኝ።