አፋቸው ይተርካል፣ እጃቸው ዝም ይላል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት ስለ ጽሕፈት ትምህርት ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ ስላጠረ በአየር ላይ ቶሎ ቶሎ ያለፍኳቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የ3ኛ ክፍል መምህርት)፦ ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ሲያወሩ ሰምተው አይጠግቧቸውም። «ስለ ትምህርት ቤታችሁ ጻፉ» ስላቸው ግን ሁለት መስመር ጽፈው እርሳስ መንከስ ይጀምራሉ። በአካባቢው ባህል አስተምሩ እንባላለን፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከርዕሱ ይጀምሩ፣ መምህርት። ትምህርት ቤቱን እርስዎም ያውቁታል፤ ልጆቹም እርስዎ እንደሚያውቁት ያውቃሉ። ታዲያ ለማን ብለው ይጻፉት? ልጅ እጁ የሚፈታው እሱ የሚያውቀው፣ አስተማሪው ግን የማያውቀው ነገር ሲገኝ ነው። ባህል የሚጠቅመንም እዚህ ላይ ነው። ከበሮውና የባህል ልብሱ ለወላጆች ቀን ያምራል። ለጽሕፈት ግን እነሱ ቤት ቡና እንዴት እንደሚፈላ፣ ቅልሞሽ በስንት ጠጠር እንደሚጫወቱ፣ አያታቸው የጅብን ድምፅ እንዴት እንደሚያስመስሉ ይበልጣል።

እኔ ቶሎ ፍሬ ያየሁት በእንቆቅልሽ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ ማንንም አያስፈራም። የመጀመሪያውን ቀን በአፍ ብቻ ይጫወቱ፤ «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልሽ»፣ ያልመለሰ አገር ይስጥ። በማግስቱ እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ዕቃ ወይም ምግብ መርጦ፣ ስሙን ሳይጠራ፣ የራሱን እንቆቅልሽ ይጻፍ። አንዲት ልጅ «ምጣድ ላይ ተኝቶ ሺህ ዓይን ያወጣል» ብላ ጽፋ አነበበች። ገና ሳትጨርስ ከኋላ አንዱ «እንጀራ!» አለ። ልጅቷ ተናደደች፤ ተቀመጠች፤ ላጲስ ተዋሰች፤ «ምጣድ ላይ» የሚለውን አጥፍታ «ጥቁር ሜዳ ላይ» ብላ ጻፈች። ወደ ሌላ ቡድን ሄዳ ስታነብ አንዱ ኮከብ አለ፣ ሌላው ከተማ አለ፤ ሦስት አገር ሰበሰበች። አርሚ ያላት ሰው አልነበረም። የጻፉትን መልሶ ማየት የሚባለውን ነገር እኔ ለአሰልጣኝ መምህራን ሳስረዳ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል።

ቀጥሎ ወደ ቡናው ይሂዱ። ልጆች ሲጽፉ «ቡናውን አጠበች። ከዛ ቆላች። ከዛ ወቀጠች። ከዛ አፈላች» ይላሉ። ደብተሩን ያስዘጉና «እስቲ በአፍህ ንገረኝ» ይበሉ። «አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ አፈላችው» ይላል ያው ልጅ። ቦዝ አንቀጽ የሚባለውን፣ «አጥባ፣ ቆልታ» ዓይነቱን ግሥ፣ ማንም ሳያስተምረው አፉ ውስጥ ይዞት መጥቷል፤ የጠፋው ከአፍ ወደ እጅ ሲወርድ ነው። ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው «እናንተ ቤት የሚወራው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉንም ቡናው ራሱ ይይዝላቸዋል፤ በረካን ከአቦል የሚያስቀድም ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ተረት ላይ ግን ቀስ ይበሉ። ሙሉ ተረት ማስጻፍ ያደክማቸዋል። በአፍ ተተርኮ ካለቀ በኋላ ጦጣዋ ጅቡን ያታለለችበትን ቦታ ብቻ ይጻፉ።

ጥያቄ (ያው መምህርት)፦ ስልሳ ተማሪ ነው ያለኝ። ማን ያርመዋል?

መልስ፦ በቀን የአስር ልጅ ደብተር ይበቃል። የቀሩት አራት አራት ሆነው ይነባበቡ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ የ2ኛ ክፍል ተማሪ አባት)፦ ልጄ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ነው። በረት አያውቅ፣ ተረት የሚነግረው አያት አጠገቡ የለ። የእሱ «የአካባቢ ባህል» ምንድን ነው?

መልስ፦ ባህል ገጠር ብቻ ነው ያለን ማን ነው፣ ወንድሜ? እኛም ብንሆን ብዙዎቻችን ተረት የጠገብነው ከአባባ ተስፋዬ፣ ከቴሌቪዥን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ በጠመኔ የተሣለ ሰኞ ማክሰኞ አይጠፋም። አጨዋወቱን፣ ጨዋታውን አይቶት ለማያውቅ ልጅ ብሎ ይጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን ለሌላ ልጅ ይስጡና የተጻፈውን ብቻ እየተከተለ እንዲጫወት ያድርጉ። አንድ ጊዜ ጸሐፊው «በአንድ እግር» የሚለውን ረስቶት፣ አንባቢው በሁለት እግሩ እየተራመደ ሲያልፍ «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ወረቀቱ ላይ የታለ?» አለው ያኛው። ልጁ ዝም ብሎ እርሳሱን አነሳ።

ሌላው በእያንዳንዱ ቤት ያለ ሀብት ስም ነው። «ስሜን ማን አወጣልኝ? ለምን?» ብሎ እናቱን፣ በስልክም አያቱን ይጠይቅ፤ የሰማውን ይጻፍ። የእኛ ስም ታሪክ አያጣም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ናቸው። መምህር ከሆኑ ለክፍሉ ይነበብ ከማለትዎ በፊት ልጁ ፈቃደኛ መሆኑን ይጠይቁት።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ መምህር)፦ የአማርኛ ክፍሌ ውስጥ ኦሮሞም፣ ሶማሌም፣ ሐረሪም አለ። የማንን ባህል ይዤ ልግባ?

መልስ፦ እርስዎ ይዘው አይግቡ፤ እነሱ ይዘው ይምጡ። ጅብን ብቻ ቢያነሱ እንኳ የኦሮሞው ልጅ ወራቤሳ፣ የሶማሌው ወራቤ ይልዎታል፤ ስሙ ራሱ ዘመድ ነው። ሐረር ጅብ በእጅ የሚመገብበት ከተማ ስለሆነች ደግሞ ሌላው አገር ጅብን የሚሸሽበትን ታሪክ የእናንተ አካባቢ ልጅ ገልብጦ ሊጽፈው ይችላል። በአማርኛ የማይገኝለት የቤት ቃል ሲገጥመው በራሱ ቋንቋ፣ በፊደል ይጻፈውና ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ። ያንን ቃል በቀይ እስክሪብቶ አይሰርዙት። ያቺ የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለችው ሆና አግኝቻታለሁ።

ጥያቄ (ከጎንደር፣ እናት)፦ ልጄ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አብራርተሽ ጻፊ ተብላ መጣች። ባህል ከሆነ ሁሉም ይማሩት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። አባባል ሁሉ ለልጅ አይሰጥም። ከ5ኛ ክፍል በላይ ላሉት እንዲህ ያለውን ሰጥቶ «ትስማማላችሁ? ለምን?» ማለት ጥሩ የክርክር ጽሑፍ ያወጣል፤ «አብራሩ» ብሎ እንደ እውነት ማስጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን የምለው ራሴም ስለተሳሳትኩ ነው። ጀማሪ መምህር ሳለሁ «የቤተሰቤ ሥራ» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በሸክላ ሠሪ ላይ የሚሳለቅ ተረት አንብበን ክፍሉ በሙሉ ስቆ ነበር። አንድ ልጅ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። ሰነፍ መሰለኝና ተቆጣሁት። እናቱ ገበያ ላይ ጀበና እንደሚሸጡ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጭቃው እንዴት እንደሚረገጥ፣ እንዴት እንደሚተኮስ ከዚያ ልጅ የተሻለ የሚጽፍ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ሳያውቁ ተረት አይምረጡ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ አዛውንት)፦ እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረን፣ ዳዊት ደግመን ነው ያደግነው። ዛሬ ልጆቹ ሲጫወቱ ይውላሉ፣ «ሀ» እና «ሐ» ግን አይለዩም።

መልስ፦ ትምህርቱ ጥንካሬው አያጠያይቅም፣ አባቴ። ግን ያ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ንባብ ነበር፤ ቁም ጽሕፈት ለብቻው የሚለመድ ሙያ ነው። ዳዊት እየደገመ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው እርስዎም ሳያውቁ አይቀሩም።

በፊደሉ ጉዳይ ግን ከእናንተ የምንወስደው አለ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዱ ፊደል ከነቃሉ ስለሚጠራ ልጅ አይረሳውም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ እኔ የፊደል ስሕተት አልነካም፤ ሐሳቡ ይውጣ። ጽሑፉ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ሲል ግን አንዱ ልጅ ለጓደኛው «ንጉሡን ነው እሳቱን?» ሲል ከሰማሁ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ሥራዬን እየሠሩልኝ ነው።