ከውስጥ የሚቆፈር ተራራ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ስለተንሰራፋው የኤልጎን ተራራ፣ በተለይም በኬንያ በኩል ስለጎበኘሁት ብሔራዊ ፓርክ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች የሚጓዝ ሰው ልቡ አስቀድሞ ኪሊማንጃሮ ላይ ስለሚያርፍ ኤልጎንን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ዋጋጋይ የተባለው ከፍተኛ ጫፉ 4,321 ሜትር ብቻ በመሆኑ ከእኛው ራስ ዳሸን እንኳ ያንሳል። ይሁን እንጂ እሳቱ ከከሰመ ሚሊዮኖች ዓመታት ያለፉት ይህ ገሞራ ግርጌው እጅግ ሰፊ ነው፤ ዛሬ የምናየው ቁመትም ዝናብ ለዘመናት ሸርሽሮ ያስቀረው ነው።

ከኪታሌ ከተማ ተነሥቶ ወደ ፓርኩ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ብዙም እንግድነት አይሰማውም። ጥዱ፣ ዝግባውና ኮሶው፣ በቅርንጫፍ ላይ የሚዘለው ጉሬዛ፣ ከፍ ሲሉም ጅብራው፣ ዝርያቸው አንዳንዴ ቢለይም፣ ሁሉም የምናውቃቸው ናቸው። የማናውቀው ኪቱም ዋሻን ነው።

ኪቱም ወደ ተራራው ሆድ 200 ሜትር ያህል ይዘልቃል። ግድግዳው ላይ፣ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ ከሰው ራስ በላይ፣ ጣት የሚያስገቡ ቦዮች ጎን ለጎን ተፍቀዋል፤ የዝሆን ጥርስ አሻራዎች ናቸው። ተራራውን የሚያጥበው ዝናብ ከአፈሩ ጨውን ጠርጎ ስለሚወስድ በዚያ የሚበቅለው ሣርና ቅጠል ጨው ያንሰዋል። በአንጻሩ ከገሞራው አመድ የተጋገረው የዋሻው ዐለት ጨው አዝሏል። ስለዚህ ዝሆኖቹ ግልገሎቻቸውን አስከትለው በሌሊት ይገባሉ፤ በድቅድቁ ጨለማ በኩምቢያቸው እየዳበሱ ይራመዳሉ፤ ዐለቱን በጥርሳቸው ፈልፍለው፣ በመንጋጋቸው አድቅቀው ይውጡታል። በዋሻው ውስጥ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ወድቀው የቀሩ ግልገሎችም አሉ። ያው ዝናብ ተራራውን ከላይ ሲሸረሽረው፣ በዚያው ሰበብ ዝሆኖች ከውስጥ ይቆፍሩታል ማለት ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ ሰዎችም ከብቶቻቸውን ይዘው በዋሻዎቹ ተጠልለዋል፤ እኛ ለከብት አሞሌ እንደምናስልስ እነርሱም ጨዉን ከዐለቱ ቆፍረው ለከብቶቻቸው ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ በተስፋፋው ሕገ ወጥ አደን ምክንያት ዛሬ ዝሆኖቹ ተመናምነዋል። እኔም ያየሁት ፋንድያቸውን ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 ኪቱምን ጎብኝተው የተመለሱ ሁለት ሰዎች በማርበርግ ቫይረስ ታመው ሞተዋል፤ ቫይረሱን የሚሸከም የሌሊት ወፍ ዝርያም በዋሻው ይኖራል። በዚህ ምክንያት የመግቢያው ብርሃን ከሚደርስበት አላለፍሁም፤ ምንም አልቀረብኝም፣ ቦዮቹ ከዚያው ጀምረው ይታያሉና። ምክር ለሚጠይቁኝ የምለውም ለግድግዳው ሙሉ ጠዋት መድቡለት ነው፤ 4,222 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ኮይቶቦስ ጫፍ በማግስቱም መውጣት ይቻላል።