በፔሊካኑ ላባ ዙሪያ ያየሁት ቀለም

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስለምማረው የሌንስ ንድፍ ነው። ወደዚህ ትምህርት ያስገባኝ፣ አንድ ጠዋት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ቆሜ ከነጠላ ሌንስ በሠራሁት ቴሌስኮፕ የተመለከትሁት ፔሊካን ነው፤ በነጭ ላባው ዙሪያ፣ ወፉ ላይ የሌለ ሐምራዊ ቀለም ፈስሶ ታየኝ።

መስታወት ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይልቅ አብዝቶ ስለሚሰብር፣ ሁለቱ ቀለሞች አንድ ቦታ ላይ አይሰበሰቡም። የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ከሌንሱ እስከ ብርሃኑ መሰብሰቢያ ያለው ርቀት፣ 100 ሚሊሜትር የሆነ፣ ቢ ኬ 7 ከሚባለው የተለመደ መስታወት የተሠራ ሌንስ ብንወስድ፣ የሞገድ ርዝመቱ 486 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊና 656 ናኖሜትር የሆነው ቀይ የሚያርፉባቸው ነጥቦች ከ1.5 ሚሊሜትር በላይ ይራራቃሉ።

የንድፍ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚቀርበው ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የሌንስ ገጽ ሲሆን፣ የገጹን ጉብጠት፣ እስከ ቀጣዩ ገጽ ያለውን ርቀትና በመካከል ያለውን መስታወት ይይዛል። እኔ ቸኩዬ ሁለት ሌንሶች አስገባሁ፤ ጉብጠቱንም ውፍረቱንም ሁሉ ለሶፍትዌሩ ለቀቅሁለትና የተሻለውን ንድፍ ራሱ እንዲፈልግ የሚያዘውን፣ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውን ተጫንሁ። ስሕተቱን የሚለካው፣ ሜሪት ፈንክሽን የተባለው ቁጥር ሲወርድ እያየሁ ተደስቼ ነበር። ሥዕሉን ስከፍተው ግን የሰብሳቢው ሌንስ አንዱ ገጽ ከጠርዙ ሳይደርስ ሌላውን አቋርጦ አልፏል፤ ጠርዙ ላይ የመስታወቱ ውፍረት ከዜሮ በታች ነው። እንዲህ ያለ መስታወት ማንም ሊሞርደው አይችልም። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ ጠርዙ ውፍረት እንዲኖረው አላዘዝሁትም ነበር።

ያንን ካዘዝሁት በኋላም ሌላ ችግር ገጠመኝ። ፕሮግራሙ በጭጋግ ከቤዛዊት ኮረብታ ወደ ዓባይ ለመውረድ እንደሚሞክር ሰው ነው፤ እግሩ ሥር ያለውን ቁልቁለት ብቻ እየተከተለ ይወርድና፣ መጀመሪያ ያገኘው ጎድጓዳ ላይ ወንዙ ዘንድ የደረሰ መስሎት ይቆማል። ከየት መነሣት እንዳለበት የሚወስንለት ነዳፊው ነው፤ ይህን መረዳቴ ከተማርሁት ሁሉ በላይ አስደስቶኛል።

ስለዚህ ወደ ደብተሬ ተመለስሁ። ጆን ዶሎንድ በ1758 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ጥምር ሌንስ፣ ክራውን ከሚባለው መስታወት የተሠራ ሰብሳቢ ሌንስንና ፍሊንት ከሚባለው የተሠራ በታኝ ሌንስን ያጋጥማል፤ አንዱ የበተነውን ቀለም ሌላው ይመልሰዋል። ቀለም የመበተን ባሕርያቸውን የሚገልጸው (ሲያንስ መበተኑ የሚበዛው) የአቤ ቁጥር ለቢ ኬ 7 መስታወት 64.2፣ ለኤፍ 2 ፍሊንት ደግሞ 36.4 ነው። በእነዚህ ሳሰላው፣ የ100 ሚሊሜትሩ ጥምር ሰብሳቢ 43.3፣ በታኙ ደግሞ ከዜሮ በታች 76.4 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ሊኖራቸው ይገባል። ይህን መነሻ አድርጌ ሶፍትዌሩን ሳዘው፣ ሰማያዊውና ቀዩ አንድ ነጥብ ላይ ገጠሙ።

አረንጓዴው ግን አሁንም ከሁለቱ ይልቅ ወደ ሌንሱ ጥቂት ቀረብ ብሎ ያርፋል። ሳምንቱን ሙሉ የተጠመድሁት በዚህ ነው፤ ክራውኑን ካልሲየም ፍሎራይድ በሚባል፣ ቀለም እምብዛም በማይበትን ክሪስታል ተክቼ፣ ስሌቱን ከደብተሬ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ።