የብሔርተኝነት መጻሕፍትን እያከራከሩ ማንበብ

የተከበራችሁ አንባብያን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምንጀምረው የንባብ መርሐ ግብር ስለ ብሔርተኝነትና ስለ ዴሞክራሲ የተጻፉ የሶሲዮሎጂ መጻሕፍትን ይመለከታል። እነዚህ መጻሕፍት አንዱ ለሌላው መልስ እየሰጡ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱን ብቻ አንብቦ የተነሣ ሰው የሙግቱን አንድ ወገን ብቻ ሰምቷል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከወፍራሙ መጽሐፍ አትጀምሩ። ለመግቢያ የሚሻለው በጥቅምት 1995 በእንግሊዝ አገር በዋሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔርተኝነት ተመራማሪዎቹ ኤርነስት ጌልነርና የቀድሞ ተማሪው አንቶኒ ስሚዝ ያደረጉት ክርክር ነው። ጌልነር ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ በሕይወት አልቆየም። ጥያቄው ብሔሮች እምብርት አላቸው ወይ የሚል ነበር። አዳም ከእናት ስላልተወለደ እምብርት አያስፈልገውም፤ ብሔርስ? ስሚዝ ከጥንት የወረሰው ተረክ፣ ትዝታና ስም የሌለው ብሔር አይጸናም ይላል። ጌልነር ኢስቶኒያን ይጠቅሳል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለራሱ የረባ መጠሪያ ያልነበረው ሕዝብ ሙሉ ብሔር ሆኗል፣ ስለዚህ እምብርቱ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም ባይ ነው። ክርክሩ አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ቀጥሎ የጌልነር የ1983 መጽሐፍ ይነበብ። ሙግቱ በደረጃ የተሠራ ስለሆነ ደረጃዎቹን በወረቀት ላይ አስፍሩ። ገበሬው ከመንደሩ ሳይወጣ፣ ፊደል ሳይቆጥር መኖር ይችላል። ፋብሪካ ግን መመሪያ የሚያነብ፣ ሥራ መቀየር የሚችል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚግባባ ሠራተኛ ይፈልጋል። ይህን ሥልጠና ቤተሰብ አይሰጥም፤ የሚሰጠው መንግሥት የሚደግፈው ትምህርት ቤት ነው። በዚህ የተነሣ የትምህርት ቋንቋው ወሰን የፖለቲካ ወሰን ወደ መሆን ያዘነብላል። ቋንቋው የተገፋበት ሰው ወይ የሌላውን ይማራል፣ ወይ የራሱን መንግሥት ይጠይቃል። ሰንሰለቱ የሚላላው ጊዜው ላይ ነው፤ ሰርቢያ በ1804፣ ግሪክ በ1821 ሲያምፁ ፋብሪካ የት ነበር? በእኔ ግምት ከሙግቱ ስለ ትምህርት ቤት የተባለው ጸንቶ ይቆማል፣ ስለ ፋብሪካ የተባለው ግን አይጸናም።

በዚያው በ1983 የወጣው የቤኔዲክት አንደርሰን መጽሐፍ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቀሳል፤ ከሁሉም ይበልጥም በስሕተት ይነበባል። መነሻው በ1978 እና በ1979 ቬትናም፣ ካምቦዲያና ቻይና፣ ሦስቱም ሶሻሊስት ነን እያሉ፣ እርስ በርስ መዋጋታቸው ነበር። ብሔርን በሐሳብ የተሣለ ማኅበረሰብ ሲለው ሐሰት ነው ማለቱ አይደለም። አባላቱ ፊት ለፊት የማይተዋወቁበት ማኅበረሰብ ሁሉ በሐሳብ የሚሣል ነው ይላል፤ እንዲያውም ጌልነርን ፈጠራን ከውሸት ጋር አምታተሃል ብሎ ይወቅሰዋል። ቅጂ ስትይዙ የኅትመቱን ዓመት እዩ። በ1991 የወጣው እትም ሁለት ምዕራፎች ተጨምረውበታል፤ ስለ ሕዝብ ቆጠራ፣ ካርታና ሙዚየም የሚያወሳው ከመካከላቸው ነው። የ1983ቱን ይዞ የመጣ ሰው ውይይቱ ያመልጠዋል።

ሌላው ጭማሪ ምዕራፍ በ1882 ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኤርነስት ሬናን በሶርቦን ያደረገውን ንግግር መልሶ ያነባል። ሬናን ብሔር በየዕለቱ የሚካሄድ ሕዝበ ውሳኔ ነው ያለው፣ ፈረንሳይ አልዛስንና ሎሬንን ለጀርመን ባስረከበች በ11ኛው ዓመት ነው። ነዋሪው በቋንቋ ሳይሆን በፈቃድ ይቆጠር ማለቱ ነበር። እያንዳንዱ ፈረንሳዊ ካቶሊኮች ፕሮቴስታንቶችን የፈጁበትን የ1572ቱን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ጭፍጨፋ ረስቶት መሆን አለበት ይላል፤ ጭፍጨፋው ምን እንደነበር ግን አያስረዳም። አንደርሰን እዚህ ላይ ይይዘዋል፤ አንባቢው ሊረሳው የሚገባውን ነገር እንደሚያስታውስ ተማምኗልና። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አንብቡ።

የቼክ የታሪክ ተመራማሪውን ሚሮስላቭ ህሮክን ጊዜ ካለ ጨምሩት። በአውሮፓ ትናንሽ ብሔሮች የምሁራን ጥናት፣ ቅስቀሳ፣ ከዚያ የሕዝብ ንቅናቄ የሚሉ ሦስት የንቅናቄ ደረጃዎችን ለይቷል፤ የቀስቃሾቹን ሙያና የመጡበትን ማኅበራዊ ክፍል ቆጥሮ የሠራ መሆኑ ደግሞ ከሌሎቹ ይለየዋል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ አንድ ልምምድ አለ። ስታሊን በ1913 ለብሔር አራት መለያ ዘርዝሯል፤ ቋንቋ፣ መሬት፣ ኢኮኖሚያዊ ሕይወት፣ በባህል የሚገለጽ የሥነ ልቦና አንድነት። አንዱ ከጎደለ ብሔር የለም ይላል። ይህ ፍቺ በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ብዙ ተነቧል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ከጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ኢኮኖሚያዊ ሕይወት ወጥቷል። የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን ገብቷል፤ ይህ ለስታሊን እንግዳ ነው፣ ለሬናን ግን ይቀርባል። ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚሉት ሦስቱም አንድ ፍቺ ተሰጥቷቸዋል። ልዩነቱን በብዕር አስምራችሁ ኑ፤ ስለ አንቀጹ የሚሟገት ሰው ብዙ ነው፣ ቃል በቃል ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

በዴሞክራሲው በኩል እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1861 ብዙ ብሔር ባለበት አገር ነጻ ተቋማት መቆም የማይቻል ያህል ነው አለ። የታሪክ ጸሐፊው ሎርድ አክተን በ1862 ተቃራኒውን ጻፈ፤ ብዝኃነት የነጻነት ዋስትና ነው ሲል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ አረንድ ላይፕሃርት በ1977 የተከፋፈለ ማኅበረሰብ በዴሞክራሲ የሚተዳደርባቸውን አራት መሣሪያ አቀረበ፤ ሰፊ ጥምር መንግሥት፣ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ውሳኔ የመሻር መብት፣ ተመጣጣኝ ውክልና፣ ራስን ማስተዳደር። ይህን ስታነቡ ሊባኖስን አትዝለሉ። የፓርላማ ወንበር ለክርስቲያኖች 6፣ ለሙስሊሞች 5 ሆኖ የተደለደለው የ1932ቱን ቆጠራ ይዞ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ተለዋወጠ፣ ቀመሩ ግን ባለበት ቀረ፤ በ1975 ለፈነዳው ጦርነት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። በአንድ ቡድን ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ሦስት ሰው ብቻ ያወራል። በሳምንት ከ40 እስከ 50 ገጽ አንብቡ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ማስታወሻ ይያዝ፤ ደራሲው ያየው የትኞቹን አገሮች ነው፣ ምን ምንን አስከተለ ይላል፣ የትኛው አገር ሐሳቡን ያፈርስበታል። ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ወሬው ወደ ሰሞኑ ፖለቲካ ስለሚዞር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የሚናገር ሁሉ የገጽ ቁጥር ይጥራ። የዕለቱ ጉዳይ በሁለተኛው ሰዓት ይነሣል፤ ያኔም የተነበበውን መጽሐፍ የሚፈትን ከሆነ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የዋሪኩን ክርክር አንብባችሁ ኑ። ግማሻችሁ ለጌልነር፣ ግማሻችሁ ለስሚዝ ትሟገታላችሁ፤ ወገኑን የምንመድበው በዕጣ ስለሆነ ለሁለቱም ተዘጋጁ።