ሁለተኛው እጅ የት ይሁን?

የተከበራችሁ የተኩስ ክለባችን አባላት፣ ዳኞችና እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። በዚህ ሙቀት ከከዚራም ከሳቢያንም መጥታችሁ አዳራሹን መሙላታችሁ ደስ ይላል። የድሬ ሰው ንግግር ሲረዝምበት «አቦ፣ ይብቃህ!» ማለት አያፍርም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ሽጉጥ በአንድ እጅ መተኮስ። ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን እሱ ነው።

በኦሊምፒክ ሽጉጥ የሚያዘው በአንድ እጅ ብቻ ነው። የያዘው እጅ አንጓ ምንም ድጋፍ እንደሌለው በግልጽ መታየት አለበት። በዚያ ክንድ ላይ ሰዓትና አምባር ክልክል ነው። እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። አንድ ውድድር ላይ ሽጉጤን ገና ከጠረጴዛው ሳላነሳ ዳኛው መጥቶ «ሰዓቱ» አለኝ። የአባቴ ሰዓት ነው፤ ከቀኝ እጄ አውልቄው አላውቅም። ስፈታው ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቶ በላብ ርሷል። ተናደድኩ። በኋላ ግን ገባኝ። ጠበቅ ያለ ማሰሪያ አንጓን ደግፎ ይይዛል። በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ደግሞ የዒላማው የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም አትበልጥም።

ሁለተኛው እጅስ? ኪስ ይግባ። ቱርካዊው ተኳሽ ዩሱፍ ዲኬች ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኩስ ብዙ ሰው ቄንጥ መስሎት ነበር። ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ክንድ ግን ሰውነትን ያወዛውዛል።

እየተንቀሳቀሱ የሚተኩሱበት የአይፒኤስሲ (የዓለም አቀፉ የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን) ውድድር ሌላ ነው። እዚያ በሁለት እጅ መያዝ ይቻላል። «በአንድ እጅ ብቻ» ከተባለ በኋላ ግን በሌላው እጁ ሽጉጡን ወይም ክንዱን ደግፎ፣ ወይም ግድግዳ ይዞ የተኮሰ በእያንዳንዱ ጥይት ይቀጣል። አንዱ ቅጣት 10 ነጥብ ነው። የጥይት ካዝና ለመቀየርና ነክሶ አልተኩስ ያለ ሽጉጥ ለማስተካከል ግን ሁለተኛው እጅ ይፈቀዳል። ይህን ረስቶ ካዝናውን በጉልበቱ አጣብቆ ሲታገል ያየሁት ወንድማችን እዚሁ አለ፤ ስሙን አልጠራም።

«በግራ መለማመድ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ፣ ሃንጋሪያዊውን ተኳሽ ካሮይ ታካችን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1938 ቀኝ እጁን ቦምብ ጎዳው። በግራው ተለማምዶ በ1948 ለንደን፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ በየልምምዱ መጨረሻ 10 ጥይት ባልለመደው እጅ እንተኩስ እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። ግራኞቻችን፣ አትሳቁ፤ የእናንተ በቀኝ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ያቅርቡ።