ኢ300973-6፦ ዳይስ ያመጣብኝ ሕዝብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ስል፣ ማይኩ አጠገብ ሁለት የሉዶ ዳይሶች አሉ። መሃል ላይ ኳ ኳ የሚል ነገር ከሰማችሁ እነሱ ናቸው፤ ስልካችሁን አትምቱት።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሮልፕሌይ ጌም እንደምንጫወት ከዚህ በፊት ነግሬያችኋለሁ። ለአዲሶች ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አንድ ሰው ደግሞ አጫዋች ይሆናል፤ ዓለሙን የሚያወራው፣ ሌላውን ሰው ሁሉ ሆኖ የሚናገረው አጫዋቹ ነው። እኔ ነኝ አጫዋቿ። ታሪካችን ጠፈር ላይ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ጫኝ መርከብ አለቻቸው፣ ከፕላኔት ፕላኔት እየዞሩ ይነግዳሉ፣ ይከስራሉ፣ ይጣላሉ። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው በየሳምንቱ አዲስ ፕላኔትና አዲስ ሕዝብ ማምጣት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ኤሊየኖቼን ያለ ምንም ዕጣ፣ ከራሴ አፍልቄ ነው የሠራኋቸው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሦስት እግር ሰጠኋቸው፣ አረንጓዴ አደረግኳቸው፣ ቋንቋ ቢጤም አበጀሁላቸው። ሲጣሉ ሽማግሌ ይላላካሉ። እንግዳ ሲመጣ ሦስት ጊዜ የሚቀዳ ትኩስ ነገር ያፈላሉ። እኔ በጣም ኮርቼባቸዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ «አንቺ፣ እነዚህ እኮ የአያታችን ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አንድ አንድ እግር ጨምረሽላቸው ነው» አለኝ።

ተናድጄ ነበር። ግን እውነቱን ነው። አእምሮ ዝም ብለህ ፍጠር ሲሉት ሩቅ አይሄድም፤ ጎረቤት ሄዶ ተበድሮ ይመጣል። እኔም ሩቅ የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ወደ ዕጣ ዞርኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት ከኤሊት የተማርኩትን ነው። ኤሊት በፈረንጆቹ 1984 ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሚባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች የሠሩት የኮምፒውተር ጌም ነው። ኮምፒውተሩ በጠቅላላው 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ዛሬ አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። ጌሙ ውስጥ ግን 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ 256 ፕላኔት አለ። የትም ተጽፈው የተቀመጡ አይደሉም፤ ከጥቂት ቁጥሮች ተነስቶ ማሽኑ እያሰላ ያወጣቸዋል፣ ስማቸውንም፣ መንግሥታቸውንም፣ ነዋሪዎቻቸውንም። ነዋሪው ሰው ካልሆነ የሚገለጸው በተደረደሩ ቃላት ነው፦ ትልቅ ወይም ቁጡ ወይም ትንሽ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ቀንዳም ወይም አጥንታም ወይም ጸጉራም፣ መጨረሻ ላይ እንቁራሪት ወይም ወፍ ወይም እንሽላሊት።

እኔም ቃላቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እንደ ዕቁብ ዕጣ ጠቅልዬ በሲኒ ውስጥ በጠበጥኳቸው። ቁጡ፣ ቀይ፣ ቀንዳም እንቁራሪት ወጣ። ጠረጴዛው ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አላስታወሰውም፤ እኔ ራሴ ማስታወሻዬን ማየት ነበረብኝ። በኋላ ሳስበው ምክንያቱ ገባኝ። ቀይ መሆኑ ቀንድ ከማብቀሉ ጋር አይገናኝም፣ ቀንዱም ከቁጣው ጋር አይገናኝም። አንዱን ቃል ብታወጡት ሌላው አይነካም። ለማሽኑ አልፈርድበትም፣ በዚያች ሜሞሪ ተአምር ነው የሠሩት፤ ለእኔ ጠረጴዛ ግን አልሆነም።

ከዚያ ነው ወደ ትራቬለር የመጣሁት። በ1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣ የጠረጴዛ ጌም ነው፤ ማርክ ሚለር የሚባል ሰው ነው የነደፈው፣ መጀመሪያ የተሸጠው በሦስት ትንንሽ ጥቁር መጻሕፍት ነበር። በነገራችን ላይ በዚህ ጌም ገጸ ባሕርያችሁ ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት ይችላል። እውነቴን ነው። የኋላ ታሪኩን በዳይስ ስታወጡ፣ ወታደር ነበር፣ ዘመተ፣ ሞተ። ሌላ ወረቀት ያዙ። እንግዲህ እንደዚህ ዓይነት ጨካኝ መጽሐፍ ነው።

ፕላኔት የሚወጣው በዳይስ ነው። ስፋቱ፣ አየሩ፣ ውኃው፣ የሕዝቡ ብዛት፣ መንግሥቱ፣ የሕጉ ጥብቅነት፣ ቴክኖሎጂው፤ እያንዳንዱ አንድ አሃዝ አለው። ቁም ነገሩ ግን አሃዞቹ እጅ ለእጅ መያያዛቸው ነው። ፕላኔቷ ትንሽ ከሆነች አየሩ ላይ ይቀነሳል፤ ትንሽ ዓለም ስበቱ ደካማ ስለሆነ አየር መያዝ ይቸግረዋል። አየር ከሌለ ውኃው ላይ ይቀነሳል። ሕዝቡ ሲበዛ መንግሥቱ ይከብዳል፣ መንግሥቱ ሲከብድ ሕጉ ይጠብቃል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሰንሰለቱ ተበጥሷል። የሕዝብ ብዛት ከአየሩም ከውኃውም ጋር አይያያዝም። ብቻውን ነው የሚጣለው። ብዙ ተጫዋች ይህን እንደ ስህተት ያየዋል፤ በ2008 እንግሊዝ አገር የወጣው እትም ማረሚያ አስቀምጦለታል፣ የፈለገ ይጠቀምበት ብሎ። እኔ አልጠቀምበትም። ለምን እንደሆነ አሁን ታያላችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው የጣልኩት። ለወደቡ 10 መጣ። 10 ማለት ኢ የሚባለው ደረጃ ነው፤ ነዳጅ የለ፣ ጥገና የለ፣ እዚህ ጋ እረፉ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ራቁት ድንጋይ ብቻ። ስፋት፦ 5 መጣ፣ 2 ሲቀነስ 3። ዲያሜትሯ ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ሜርኩሪን፣ በእኛ አጣርድ የምንለውን፣ ታህላለች። አየር፦ ዜሮ። ውኃ፦ ዜሮ። እሺ፣ የሞተ ድንጋይ ነው፣ ልለፈው ብዬ እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ ስል ለሕዝቡ ጣልኩ። 11። 2 ሲቀነስ 9።

የሕዝብ አሃዝ 9 ማለት ቢሊዮኖች ማለት ነው።

መንግሥት 7 መጣ፤ አንድ የበላይ የለም፣ ብዙ አገሮች እየተፎካከሩ ይኖራሉ። ሕግ 3፤ መትረየስና አውቶማቲክ ጠመንጃ ክልክል፣ ተራ ጠመንጃ ግን ይፈቀዳል። ቴክኖሎጂ 6፤ እንደ ምድራችን በፈረንጆቹ 1940ዎቹ፣ 50ዎቹና 60ዎቹ ዓመታት። በጽሑፍ ሲቀመጥ፦ ኢ300973-6።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቢሊዮን ሕዝብ፣ አየር በሌለበት፣ ከሰው የተላከ ዕቃ በማይራገፍበት፣ በአያቶቻችን ዘመን ቴክኖሎጂ። ሰው ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ አይተነፍሱም። አየር ከሌለ ደግሞ ድምፅ የለም። ታዲያ እንዴት ይነጋገራሉ? ቀለሙንና ቀንዱን እዚያው ተውኩት።

በመሬት ነው የሚነጋገሩት። በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖር አንድ ዓይነ ስውር ፍልፈል አለ፣ ጭንቅላቱን ከዋሻው ጣሪያ ጋር እየመታ ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገራል። ዝሆንም በመሬት የሚመጣ ንዝረት በእግሩ ይሰማል። የእኔዎቹ ዓለቱን ይመታሉ፣ በሆዳቸው ተኝተው ያዳምጣሉ።

ከዚያ ያ የውኃው ዜሮ መጣ። በኅዳር 1969 አፖሎ 12 ላይ የነበሩት ጠፈርተኞች ከጨረቃ ከተነሱ በኋላ፣ የተነሱባትን ትንሿን መንኮራኩር ሆን ተብሎ ጨረቃዋ ላይ አጋጯት። ትተውት የመጡት የንዝረት መለኪያ ወደ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ መዘገበ፤ ጨረቃ እንደ ደወል አቃጨለች። ምድር ላይ ቢሆን ቶሎ ይጠፋ ነበር። ደረቅ የተሰነጣጠቀ ዓለት ግን ንዝረትን ቶሎ አያስታግስም። ስለዚህ በእኔ ፕላኔት ላይ የተናገራችሁት ነገር ከአፍ ወጥቶ አይቀርም፣ ሰዓት ሙሉ እዚያው ሲዞር ይቆያል። አስቡት። ግድግዳ ጆሮ አለው እንላለን፤ እዚያ ግድግዳው ይደግመዋል። ጨዋ ሰው ማለት ትንሽ የሚናገር ነው። ሐሜት ወንጀል ነው፣ ምክንያቱም ማስቆም አይቻልም።

መንግሥት 7ስ? ስንጥቅ። ቀጭን የንግግር ንዝረት ሰፊ ስንጥቅ አይሻገርም። በስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ያሉት አንዱ ሌላውን ሰምቶ አያውቅም፣ ቋንቋቸው ተለያየ፣ አገር ሆኑ። ድንበራቸው ማንም ያላሰመረው ነው። መትረየስ የተከለከለውም ስለሚገድል አይደለም፤ ተራው ጠመንጃም ይገድላል። መትረየስ ያለማቋረጥ ሲመታ ግን መልስ የማይሰጥበት ስድብ ነው። እሳትም የላቸውም፣ የሚነድበት አየር የለማ፤ ብረት የሚያቀልጡት በፀሐይና በመስታወት ነው። ምን ይበላሉ የሚለውን አትጠይቁኝ፣ ወንድሜም ጠይቆኝ በጥያቄ አልፌዋለሁ።

ይህ ሁሉ የአንድ ማታ ሥራ ነው። ያቺ የተበጠሰች ሰንሰለት ባትኖር አንዱም አይመጣልኝም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ደረሱባት። እኔ ስለ ንዝረቱ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጓደኛዬ መርከቡን ትነዳለች፣ በሙሉ ሞተር አሳረፈችው፣ ድንጋዩ ላይ እሳት እየለቀቀች። የጠፈር ልብስ ለብሰው ወረዱ። ጸጥ ያለ ነው፣ ማንም የለም። ወንድሜ፣ «ቢሊዮን ሕዝብ አላልሽም እንዴ? የት ገቡ?» እያለ ይነተርከኛል። ጓደኛዬ ተንበረከከችና፣ «እጄን መሬት ላይ አደርጋለሁ» አለች። ይንቀጠቀጣል አልኳት። «ሞተሩን እኮ ካጠፋሁት ቆይቻለሁ» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ሌሎቹም ዝም አሉ። ቤቱ ውስጥ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነበር። ከተማ ላይ ቆመው እንደጮኹ፣ ጩኸታቸውም ገና እንዳላለቀ ገብቷቸዋል።

ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚቀበሏቸው የሚወስነው ሌላ ሠንጠረዥ ነው። 2 ከመጣ ወዲያው ማጥቃት፣ 12 ከመጣ በእልልታ። እኔ ዝቅ ያለ ነገር እየጠበቅኩ ነበር፣ ጦርነቱን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቻለሁ። ጣልኩ። 11።

11? ሕዝቡን አደንቁረው፣ በደስታ ይቀበሏቸዋል? ለደቂቃ ያህል ወረቀቴን ያነበብኩ መስዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ከባድ፣ ወፍራም ንዝረት ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ከስንጥቁ ሥር ያልፋል። የመርከቡ ጩኸት ስንጥቁን ተሻግሯል። በእነዚያ አገሮች ታሪክ ሁሉም ሕዝብ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። ከየጉድጓዱ እየወጡ ነው፣ ከወዲህም ከወዲያም፣ ቀስ እያሉ፣ መሬቱን ሳይመቱ።

ይህን ነገርኳቸው። ጓደኛዬ እጇ አሁንም መሬት ላይ ነው።

«እና» አለችኝ፣ «ምን ብለን ነው የጮኽነው?»

ዳይሱን አነሳሁ።