ልጁ 15 ዓመቱ ነበር

እንደምን አመሻችሁ። አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ከኤርትራ ኮሚኒቲ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ኦክቶበር 3 ነው። በፈረንጆቹ 2013 በዚህች ቀን ንጋት ላይ የጣልያን ደሴት ላምፔዱዛ ደጃፍ ደርሰው፣ መሬቱን እያዩት፣ 368 ሰው አለቀብን። ከሊቢያ ከሚስራታ ነው የተነሱት፣ ሞተሩ ሲቆምባቸው ሰው እንዲያያቸው ብለው ብርድልብስ አቃጠሉ፣ እሳቱ ጀልባዋ ላይ ተያያዘ፣ ሰው ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ተገለበጠች። ታሪኩን ለናንተ መንገር አያስፈልግም፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ሳምንት ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ያደረ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ እስከዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ኤርፖርቱ ሃንጋር ውስጥ ከተደረደሩት ሬሳ ሳጥኖች መሃል ነጮቹ፣ ትንንሾቹ ናቸው። ላያቸው ላይ የልጅ አሻንጉሊት ተቀምጦ ነበር። ጣልያንም በ2016 በሕግ ቀኑን የመታሰቢያ ቀን አድርጎታል፣ ጥሩ ነው፣ ሻማችንን እናበራለን። ግን እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለደረሱት ልጆች ነው። ባሕሩን ተሻግረው፣ በእግራቸው መሬት ረግጠው፣ ከዚያ በኋላ እዚሁ ስለጠፉት።

እንደምታውቁት እኔ ሮም ስገባ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው፣ በኋላ ነው ቋንቋውን ለምጄ አስተርጓሚ የሆንኩት። ብዙ የስደተኛ ካምፕ ገብቻለሁ፣ ብዙ ልጅ አይቻለሁ፣ አንዱን ግን ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 2015 ሰኔ ላይ ነው። ደቡብ አንድ ወደብ ላይ መርከብ ሰው ያራግፋል፣ ከሚወርዱት መሃል አንድ የኛ ልጅ አለ። በመተማ አድርጎ ካርቱም ገብቶ፣ እዚያ መኪና እያጠበ ከርሞ፣ ሰሃራን በላንድክሩዘር ተጭኖ፣ ቤንዚን የተቀላቀለበት ውሃ እየጠጣ፣ ሊቢያ ቤኒ ዋሊድ ለአምስት ወር ታግቶ፣ እናቱ ከብቷን ሸጣ በሀዋላ ልካ ያስለቀቀችው ልጅ ነው። ወደቡ ላይ የተመደበው አስተርጓሚ ዓረብኛ ነው የሚናገረው፣ አማርኛም ትግርኛም የሚችል አልነበረም። መቼ ተወለድክ አለው። ልጁም ካርቱም በለቀማት ዓረብኛ፣ ቤቱ እናቱ ስትል እንደሰማው፣ ሚያዝያ 1992 አለ።

እናንተ አሁን በልባችሁ ቆጠራችሁ አይደል? በኛ አቆጣጠር ጊዜው 2007 ነው፣ ስለዚህ ልጁ 15 ዓመቱ ነው። በነሱ 2000 ዓ.ም የተወለደ ልጅ ማለት ነው። ጸሐፊው ግን 1992 ሲባል 1992 ብሎ ጻፈ፣ በቃ፣ 15 ዓመት የነበረው ልጅ በአንድ ደቂቃ 23 ዓመቱ ሆነ! ቀና ብሎ ፊቱን ያየው ሰው የለም። ድምፁ እንኳ ገና አልጎረነነም'ኮ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው ያገኘሁት፣ አዋቂዎች ካምፕ ውስጥ፣ እኔ ለሌላ ለታመመ ሰው ላስተረጉም ተጠርቼ ሄጄ። ግድግዳ ጥግ ቁጭ ብሏል፣ አማርኛ ስናገር ሲሰማ ተነስቶ መጣና እትዬ፣ ወረቀቴ ላይ ምን ብለው እንደጻፉ ታነቢልኛለሽ አለኝ። አነበብኩት። እንዴት እንደምነግረው ጠፋኝ። ክፍሉን የሚጋራው ከአምስት ትልልቅ ወንዶች ጋር ነው፣ ማታ ማታ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚተኛው፣ ለምን ስለው ዝም አለኝ፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። የሱሪው መታጠፊያ ውስጥ የተሰፋች ወረቀት ነበረችው፣ ስዊድን ያለች የአክስቱ ስልክ ናት።

እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም ሰው ቁጥር ብቻ ነው፣ በኋላ ይስተካከላል ይላል። ያን ጊዜ የነበረው፣ የጥገኝነት ጥያቄን የትኛው የአውሮፓ አገር እንደሚያይ የሚወስነው ደብሊን የሚባለው ሕግ 8ኛው አንቀጽ ላይ ብቻውን የመጣ ልጅ በሌላ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖር አጎት ወይ አክስት ወይ አያት ካለው፣ ልትንከባከበው የምትችል ከሆነች፣ ለልጁም የሚሻለው እሱ ከሆነ፣ ጉዳዩን የሚያየው ያ ዘመድ ያለበት አገር ነው ይል ነበር። 15 ተብሎ ቢጻፍለት ኖሮ ወረቀቱ አልቆ በአውሮፕላን፣ በቀን፣ ሰው ተቀብሎት አክስቱ ጋ የሚሄድ ልጅ ነበር። 23 ለተባለ ሰው አክስት አይቆጠርለትም። አሻራህን ጣልያን ሰጥተሃል፣ እዚሁ ቁጭ በል ነው።

ቢሮ ሄድኩ። አቆጣጠራችን ይለያል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፣ አዲስ ዓመታችንም መስከረም ነው ብዬ ካላንደር ይዤ አስረዳሁ። ተፈርሞበታል፣ የልደት ሰርተፊኬት አምጪ አሉኝ። ገጠር የተወለደ ልጅ የምን ሰርተፊኬት! እናቱ የክርስትና ወረቀቱንና የትምህርት ቤት ካርዱን በጎረቤት ስልክ ፎቶ አንስታ ላከች፣ አይበቃም ተባለ። ደግሞ የአክስትየው ስምና የልጁ ስም አይመሳሰልም ዘመድ አይደሉም ተባለ። የናት እህት እንዴት ብላ በልጁ አባት ስም ትጠራለች? እኛ ጋ ሁሉም የሚጠራው በራሱ አባት ነው፣ ይሄን የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ስንት ቤተሰብ ተለያይቶ ቀርቷል።

ከዚያ ዕድሜው እንዲታወቅ የእጅ አንጓ ራጅ ይነሳ ተባለ። ያ ራጅ የሚነጻጸርበት መጽሐፍ የተሠራው በ1930ዎቹ አሜሪካ ክሊቭላንድ ከነበሩ፣ ኑሯቸው ደህና ከሆነ ነጭ ልጆች አጥንት ነው። እሱም ሆኖ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ይስታል። በረሃ ተርቦ የወጣን የኛን ልጅ በዚያ ነው የሚለኩት።

ሁለት ወር ከምናምን ፈጀ። ማስተካከያው ወጥቶ ይዤ ስሄድ አልጋው ባዶ ነበር። ፈረንሳይ ድንበር ላይ ወዳለችው ቬንቲሚሊያ ሄደ አሉኝ፣ ያን ጊዜ ፈረንሳይ ድንበሩን ዘግታ ልጆቹ ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ያድሩ ነበር። ሄጄ ፈለግኩት፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ድልድይ ስሩን። ስልኩ ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። አክስቱ እስከዛሬ በየፋሲካው ትደውልልኛለች፣ እኔም ስልኳን ሳየው እጄ ይንቀጠቀጣል።

እሱ ብቻ ቢሆን። የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል 2016 ጃንዋሪ ላይ አውሮፓ ከገቡ በኋላ ቢያንስ 10 ሺህ ብቻቸውን የመጡ ልጆች የት እንደደረሱ አይታወቅም አለ፣ ግማሹ እዚሁ ጣልያን። በዚያው ዓመት በባሕር ብቻ ከ25 ሺህ በላይ ያለ ወላጅ የመጡ ልጆች ናቸው ጣልያን የገቡት። 10 ሺህ ልጅ ጠፋ ተብሎ ተጻፈ፣ ሰው አነበበው፣ ገጹን ገለጠው። የአንድ ሀብታም ልጅ ሲጠፋ ሄሊኮፕተር የሚያስነሳ አገር የኛን ልጅ ሲያጣ ራሱ ሄዶ ነው ይላል። ልጅ ራሱ ሄዶ አይጠፋም! ልጅ የሚጠፋው የሚይዘው ሰው ሲያጣ ነው!

በ2017 ጥሩ ሕግ ወጣ፣ ዛምፓ ይሉታል፣ ብቻውን የመጣ ልጅ ከድንበር አይመለስም፣ ዕድሜው ሲመረመር ባህሉን የሚያውቅ አስተርጓሚ ይኑር፣ ከተጠራጠራችሁ ልጅ ነው በሉ ይላል። አጨበጨብን። 2023 ላይ ደግሞ መንግሥት አዲስ ድንጋጌ አወጣ፣ ቦታ ከጠፋ 16 ዓመት የሞላቸውን ልጆች አዋቂዎች ካምፕ ውስጥ እስከ 90 ቀን ማስቀመጥ ይቻላል አለ፣ ሰው ሲበዛ ራጁንም ቶሎ ቶሎ አንሱ አለ። እኔ ያ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ ሲተኛ አይቻለሁ። 90 ቀን ምን ማለት እንደሆነ መጥተው እኔን ይጠይቁኝ!

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፣ የምትቆጡኝም ትቆጣላችሁ። እኛ ጥሩ ሰዎች ነን፣ ተቸገሩ ሲባል እንሰበሰባለን። እዚህ ሮም ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ልጆቹ ውጭ ሲያድሩ ድስት ተሸክማ የመጣችው እናት እዚህ ተቀምጣለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልብስና ምግብ ሰጥተን ቤታችን እንገባለን፣ ልጁን ማነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ መቼ ተወለድክ ብሎ የሚይዘው የለም። ያው የዛምፓ ሕግ አንድ ነገር ሰጥቶናል፣ ቱቶሬ ቮሎንታሪዮ። በኛ አገር ሕግ ሞግዚት የሚባለው ነው፣ ሕፃን የምትይዘዋን አይደለም፣ በወላጅ ፋንታ የሚቆመውን ማለቴ ነው። 25 ዓመት የሞላው፣ ወንጀል የሌለበት፣ ስልጠናውን የወሰደ ሰው በልጆች ፍርድ ቤት ይሾማል። ቤትህ አስገባው አይልህም፣ አብላው አይልህም። ወረቀቱን አይለት፣ ሐኪም ቤት አብረኸው ሂድ፣ አቤት በልለት ነው የሚልህ። ቋንቋውን እስከቻልን፣ ወረቀታችን ሕጋዊ እስከሆነ ዜግነት የሌለንም መግባት እንችላለን።

ስንቶቻችን ገባን? እኔ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ ጣልያናውያን መምህራን ናቸው የኛን ልጆች የያዙት፣ ጎንደርና ጎጃምን በካርታ የማያውቁ ሴቶች፣ እግዜር ያክብራቸው፣ ግን 1992 ሲባሉ እነሱም 1992 ነው የሚጽፉት! እኛ ነን የምናውቀው። እኛ የምናውቀውን ይዘን ቤታችን ተቀምጠናል!

ስለ ሊቢያው ስምምነትም ለማንሳት ነበር፣ በ2017 ጣልያን ከትሪፖሊ ጋር ተፈራርማ ጀልባዎቹን እያስመለሰች ነው፣ ልጆቹም የሚመለሱት ወደ እስር ቤት ነው፣ ይሄን ለሚመርጡት ተወካይ መጻፍ የሚችል ይጻፍ። ስለ ደላሎቹም እንደዛው፣ ልጅ አሳልፉልን ብላችሁ ብር የምትልኩ ዘመዶች ካላችሁ ተዉ በሏቸው። ኮሚቴው ሰዓት አልቋል እያለኝ ነው።

ከታች ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የኛንና የነሱን ዓመት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ነው፣ ፎቶ አንሱትና ካምፕ ለሚሠራ፣ ወደብ ለሚሠራ፣ ለምታውቁት ሁሉ በዋትሳፕ ላኩት። ሁለተኛው የቱቶሬ ማመልከቻ ነው። ጣልያንኛው የሚከብደው ካለ አብረን እንሞላለን፣ እኔ አዳራሹ እስኪዘጋ እዚሁ ነኝ።